ቅሬ ለሟች ብቻ አይደለም

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተሁለደሬና ለአምባሰል ወረዳዎች አስተዳደር፤ ለሁለቱ ወረዳዎች የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፤ ለፖሊስና ለፍትሕ አካላት፤ እንዲሁም በየቀበሌው ለምትገኙ የቅሬ ዳኞች፣ ካህናትና ሼኾች፤

ክቡራን ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር የደረሰውን ነገር አንሥቼ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ባል በሚስቱ ላይ የሚያወርደውን ዱላ እየሰማን እንዳልሰማን፣ በማግሥቱም የጠቆረውን ፊቷን እያየን እንዳላየን ሆነን የምናልፍበት ልማድ፣ ከአባቶቻችን ከተረከብነው የመረዳዳት ሥርዓት ጋር በምንም የማይስማማ መሆኑን ለማሳሰብ፣ ይህንንም ልማድ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኃይል ከሩቅ አገር እስኪላክልን የምንጠብቀው ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ያለ መሆኑን ለማመልከት ነው። ያም ኃይል የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ቅሬ ነው።

ቅሬ ምን እንደ ሆነ ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን አሳቤ ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ስለ ሆነ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ሰው መሞቱ በተለፈፈ ጊዜ ገበሬው ሞፈሩን፣ ነጋዴው ሱቁን ትቶ ይወጣል፤ በብዙው መንደራችንም እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለእስላሙ መቃብር ይቆፍራል፤ የሐዘንተኛው ቤት እሳት ሳይነድበት፣ ሰው ሳይገባበት የሚያድር ሌሊት የለም። ደግሞም ቅሬ ሬሳ መቅበሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ቤቱ የተቃጠለበትን ያቋቁማል፣ በሬው የሞተበትን ያግዛል፣ የድንበርና የውኃ ጠብ ሲነሣ ዳኞቹ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ትእዛዙን የተላለፈውን ይቀጣሉ፣ አልመለስ ያለውንም ከቅሬ ያስወጣሉ፤ ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚጭርበት ደጅ፣ ሬሳውን የሚያነሣለት ትከሻ የሌለው በመሆኑ፣ ከመንግሥት ወህኒ ይልቅ ይህን ፍርድ የሚፈራው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን በእጁ ያለ ማኅበር፣ አንዲት ሴት በባሏ ዱላ ብትሞት አፈር ለማልበስ አንድ ሰው ሳይቀርበት የሚመጣ፣ በሕይወት ሳለች በሌሊት ስትጮህ ግን «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ በየአልጋው የሚቀር ከሆነ፣ ሥርዓቱን ከማለዳ ሳይሆን ከማታ ጀምሮታል ማለት ነው።

የነገሩን መጠን በግምት እንዳልናገር መንግሥት ራሱ ያስጠናውን እጠቅሳለሁ። በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠየቀ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነውና ትዳር ይዘው ከሚያውቁት ሴቶች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት በትዳር ጓደኛቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች፣ በ15 ቦታዎች ባካሄደው ጥናት ከሁሉ የከፋው ቍጥር የተገኘው በእኛው አገር በቡታጅራ አካባቢ ሲሆን፣ እርሱም 71 ከመቶ ነበር። ኅሊናን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ሌላው ነው፤ ባል በአንዳንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለው በ2008 ዓ.ም. የመለሱት ከወንዶቹ 28 ከመቶ ሲሆኑ ከሴቶቹ 63 ከመቶ ነበሩ። ዱላው ከመቺው እጅ አልፎ በተመቺዋ ልቡና ውስጥ ሕግ ሆኖ ተጽፎአል ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ይኸው የሴቶቹ ቍጥር 85 ከመቶ እንደ ነበረ ስናስታውስ ግን፣ ልማድ የማይነቃነቅ ዐለት አለመሆኑን፣ በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ እንኳ ሊሸረሸር እንደሚችል እናያለን።

ከዚያው ጥናት ውስጥ ለዚህ ደብዳቤ ዋና የሆነውን ላውጣ። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 ከመቶ የሚሆኑት ለማንም ሳይናገሩ፣ እርዳታም ሳይጠይቁ ቀርተዋል፤ እርዳታ የፈለጉት 23 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ አስቀድመው የሄዱት ወደ ጎረቤት ነው። ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሐኪም ዘንድ የሄዱት ከዚህ እጅግ ያንሳሉ። እንግዲህ በየጽሕፈት ቤቱ ስለ ተጎጂዎች አገልግሎት ዕቅድ በሚነደፍበት ጊዜ ሁሉ መዘንጋት የሌለበት ነገር ቢኖር፣ አገልግሎቱ የሚጀመረው ጽሕፈት ቤት ባለበት ከተማ ሳይሆን የጎረቤት በር ባለበት መንደር መሆኑ ነው። ያ ጎረቤት ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ፣ ወይም ነገ የሚመጣበትን ነቀፋ ፈርቶ በሩን ከዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ሁሉ ወደ ተጎጂዋ የሚደርስበት መንገድ ተቆርጧል።

አበው ይህን ችግር ጨርሶ አላሰቡበትም ብሎ መናገር ደግሞ ግፍ ይሆናል። በባሏ የተበደለች ሴት አኩርፋ ወደ አባቷ ቤት ትሄድ ነበር፤ በዚያም ቁስሏ እስኪጠግግ ትቀመጣለች፤ ባልም ሽማግሌ ልኮ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ካሳ ክሶ ካልሆነ በቀር ሚስቱን ይዞ አይመለስም። ዛሬ የተጎጂዎች ማረፊያ የሚባለው ቤት የባዕድ ፈጠራ ለሚመስላቸው ሰዎች ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ማረፊያው አባት የሌላት ሴት የአባት ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለምና። የቀድሞው ሥርዓት ጉድለቱ አባቷ ለሞተባት፣ ወይም ራቅ ወዳለ አገር ለተዳረች፣ ወይም «ሄደሽ ቻዪው» ብሎ ከደጁ ለሚመልሳት ምንም መጠጊያ የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ጉድለት ዛሬ ሰፍቷል። ከወለጋ ተፈናቅለው በጃሪ በመጠለያ የኖሩትን ቤተ ሰቦች አስቡ፤ በዚያ ያለች ሚስት ብታኮርፍ ወደ የትኛው አባት ቤት ትሄዳለች? በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ ላይ ባለፈ ጊዜ፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት፣ ስንቱ ቤት ፈረሰ፣ ስንቱ መንገድ ተዘጋ? መጠጊያ ያጣችው ሴት ያላት መንገድ ወይ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ወይ ልጆቿን ትታ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ መሰደድ፣ ወይ ደግሞ የአገራችን ልጆች እንደ ለመዱት በደላላ እጅ ወደ ዐረብ አገር መሻገር ሆኖአል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሾሞት ነበር፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 35 ባልና ሚስትን በመብት አስተካከለ፤ የክልላችንም የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ያንኑ ተከተለ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በሚደረግ የኃይል ድርጊት አካልን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም መጉዳት የሚያስቀጣ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ያው ሕግ አስገድዶ መድፈርን በሚመለከተው በአንቀጽ 620 ጋብቻን ከወንጀሉ ውጪ አድርጎታል፤ ቀላል የአካል ጉዳትን በሚመለከተው በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረትም ነገሩ የሚንቀሳቀሰው ተበዳይዋ አቤት ስትል ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ መቺው ለተወሰነ ጊዜ ከቤት ርቆ እንዲቆይ ዳኛ ወዲያው የሚያዝዝበት፣ ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ ልዩ ሕግ እስካሁን የለንም። እንግዲህ ቤቱን የሚለቅቀው በዳዩ ሳይሆን ተበዳይዋ ሆነች ማለት ነው፤ እርሷም አቤት ለማለት ብትነሣ፣ አቤቱታዋን ሰጥታ የምትመለሰው ከተከሰሰው ሰው ጋር ወደምታድርበት ቤት ነው። ብዙዎቹ ክሳቸውን ለምን ይተዋሉ እያላችሁ የምትገረሙ የፖሊስና የፍትሕ ሰዎች ሆይ፣ ምክንያቱ ከዚህ አይርቅም፤ ሕጉ ቅጣት አለው፣ መኝታ ግን የለውም።

መኝታውን ለመስጠት የሞከሩ በአገራችን አሉ። ከሃያ ዓመት በፊት የተቋቋመው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ጀምሮ በሌሎችም ከተሞች ተጎጂ ሴቶችን ከነልጆቻቸው እየተቀበለ፣ ሕክምና፣ ምክር፣ የሙያ ትምህርትና የሕግ ድጋፍ እንዲያገኙ አድርጓል። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ለሌላቸው ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው ማዕከልም ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና አማካሪውን በአንድ ጣራ ሥር በማሰባሰብ፣ ተጎጂዋ ያንኑ የመከራ ታሪክ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች እንዳትደግመው አድርጓል። ከእነዚህ ደጋጎች ሥራ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ በውጭ እርዳታ ብቻ የቆመ ቤት የእርዳታው በር ሲዘጋ አብሮ የሚናጋ መሆኑ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው 10 ከመቶ እንዳይበልጥ በወሰነ ጊዜ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪሻር ድረስ የሴቶቹ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራ ምን ያህል እንደ ተዳከመ የሚታወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ማዕከሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከአምባሰል ገደል ላይ በእግሯ ወርዳ መኪና የምትጠብቅ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት በጊዜው ልትደርስበት ካልቻለች፣ ለእርሷ እንደሌለ የሚቈጠር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልና ሳልናገር ባልፍ ፈሪ እባላለሁ። ወሎ ደም የሚያደርቁ፣ ገዳይንና ሟች ወገንን በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጡ አበጋሮች አገር ናት፤ ይህን ጸጋ የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን እርቅ የሚባለው ሁለቱ ወገኖች በነጻነት ቆመው ሲነጋገሩ ነው፤ አንደኛው ወገን ዛሬ እውነቱን ቢናገር ማታ የሚመታ ከሆነ፣ የተደረገው እርቅ ሳይሆን የዝምታ ውል ነው። ሽማግሌዎች ሁሉም ወንዶች ሆነው፣ ባሏ በተቀመጠበት «በይ ልጄ፣ ምን በደለሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ለልጆችሽ ብለሽ» ብለው ሲያስታርቋት፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜም ያንኑ ሰው በዚያው መሐላ ሲያስምሉት ይታያል። ስለዚህ ተበዳይዋ ብቻዋን ትጠየቅ፤ ከጠያቂዎቹም መካከል ዱዓቸው የሚፈራ ዱበርቲዎችና የተከበሩ እናቶች ይኑሩ፤ ቁስሏ በሐኪም ሳይታይ የእርቅ ወሬ አይነሣ፤ ደም ከፈሰሰ፣ አጥንት ከተሰበረ፣ ሞት ከተዛተ ወይም በደሉ ከተደገመ ነገሩ ከሽማግሌ እጅ ወጥቶ ወደ ሕግ ይሂድ። የሽምግልና ክብር የሚጠበቀው ወሰኑን በማወቅ ነው።

ክቡራን አባቶች ካህናት ሆይ፤ ስማችንን ለዓለም ያስጠራው ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ መጻሕፍት ያጻፉበትና አያሌ መነኮሳትን ያስተማሩበት ሐይቅ፣ በእስጢፋኖስ ስም የተሰየመ ነው። እስጢፋኖስ ቀዳሜ ሰማዕት ከመሆኑ በፊት ምን እንደ ነበረ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በኢየሩሳሌም መበለቶች በዕለት ዕለት አገልግሎት ቸል ተባሉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ያን ቸልታ ለማስወገድ ሐዋርያት ከሾሟቸው ሰባት ዲያቆናት የመጀመሪያው እርሱ ነበረ። የሹመቱ ምክንያት የሴቶች መበደል ነው። እንግዲህ በእርሱ ስም በምትቀድሱበት አገር፣ የንስሐ ልጃችሁ ስትመታ መስማታችሁ ካልቀረ፣ «ታገሺ» ከሚለው ምክር አስቀድሞ ባሏን ገሥጹት፤ ተክሊል የደፋውና ቃል ኪዳን የገባው ለመጠበቅ እንጂ ለመግዛት አለመሆኑን በዐውደ ምሕረት ላይ ተናገሩ።

ክቡራን ሼኾችና ኢማሞች ሆይ፤ ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸው በመካ በተገፉ ጊዜ ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ እንዲሰደዱ ሲያደርጉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ልጃቸው ሩቅያ አንዷ ነበሩ። ይህች አገር በእስልምና ታሪክ ውስጥ የታወቀችበት የመጀመሪያው ሥራ ለተገፉ፣ ሴቶችም ላሉባቸው ስደተኞች መጠጊያ መስጠቷ ነው። ለሩቅ እንግዳ የተደረገው ለገዛ ልጃችን እንዳይከለከል፣ ኒካሕ በምታስሩበት ሰዓትና በጁምዓ ኹጥባ ላይ የሚስት አማናነት ምን እንደ ሆነ አስተምሩ፤ በወዳጃው የዱዓ ጉባኤም የተመታች ሴት ስም በዱዓ ብቻ ሳይሆን በመፍትሔም ይነሣ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምነውን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

ከቅሬ ዳኞች የምለምነው፣ የሌሊት ጩኸት እንደ እሳት ቃጠሎ ተቈጥሮ፣ የሰማ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ የመድረስ ግዴታ እንዲኖርበት፤ በየቅሬው ሁለት የታመኑ ሴቶች ተመርጠው ተጎጂዋ ማንን እንደምትጠራ አስቀድማ እንድታውቅ፤ ከቅሬው ሣጥን ጥቂት ገንዘብ ለመጓጓዣና ለመድኃኒት እንዲመደብ፤ የሚመታው ሰው እንዲቀጣ፤ ሴቲቱም በባሏ ስም ብቻ ሳይሆን በራሷ ስም የቅሬ አባል ሆና፣ ከቤቱ ብትወጣ ከመንደሩ እንዳትወጣ ነው።

ከሁለቱ ወረዳዎች አስተዳደር የምለምነው፣ ሐይቅና ውጫሌ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ የተሰለፉ ከተሞች ናቸውና፣ ሁለታችሁ በኅብረት ተጎጂዎችን ከነልጆቻቸው የሚቀበል አንድ ማረፊያ ቤት እንድታቋቁሙ፤ በጀቱም በዓመታዊው መደበኛ በጀት ውስጥ በራሱ ርእስ እንዲጻፍ፤ ቦታውም በዳዩ እንዳያገኘው በምስጢር እንዲጠበቅ ነው።

ከጤና ጽሕፈት ቤቶች የምለምነው፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሴቶች ስለ ሆኑና ወደ እያንዳንዱ ቤት ስለሚገቡ፣ እናቲቱን ብቻዋን አግኝተው እንዲጠይቋት፣ ምስጢሯንም እንዲጠብቁላት እንዲሠለጥኑ፤ በሐይቅና በውጫሌ ያሉት የጤና ተቋማትም ለተጎጂዋ ምርመራውንና የሕክምና ማስረጃውን ያለ ክፍያ፣ ቁስሉ ሳይጠፋ እንዲሰጡ ነው።

ከፖሊስና ከፍትሕ አካላት የምለምነው፣ አቤቱታዋን ሴት መርማሪ በተለየ ክፍል እንድትቀበል፣ «ሂጂና በሽማግሌ ጨርሺ» ተብላም ከደጅ እንዳትመለስ ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ የሚገኝበት መሆኑን ለሴቶች ደጋግማችሁ አስረዱልኝ፤ ብዙዎቹ ከዱላው በታች የሚቀመጡት ቤቱን ከለቀቁ መሬቱን ያጡ እየመሰላቸው ነውና።

«ይህ ነገር ትዳር ያፈርሳል» የሚሉ እንደሚነሡ አውቃለሁ። ትዳርን የሚያፈርሰው ዱላው እንጂ ዱላውን የሚያስቆመው እጅ አይደለም፤ የተመታች እናት ያሳደገችው ልጅም መምታትን ወይም መመታትን ተምሮ ወደ ራሱ ትዳር ይገባል። «ቅሬ ከተፈጠረበት ዓላማ ይወጣል» ለሚሉም መልስ አለ፤ ኤች አይ ቪ ኤድስ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ዕድሮች፣ ለቀብር ብቻ የሚለውን ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን ለማስታመምና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለማሳደግ ተነሥተው ነበር። ሕያዋንን መርዳት ሟችን ከመቅበር አላገዳቸውም።

የዘረዘርሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ማረፊያው ቤት በጀት ይጠይቃል፣ ሥልጠናው ጊዜ ይጠይቃል፣ ልዩው ሕግም የሚወጣው ከእኛ ወረዳ ርቆ ነው። የቅሬው ደንብ ግን የሚጠይቀው ብዕርና ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጪው የቅሬ ስብሰባ መዝገባችሁን ገልጣችሁ ከቀብር፣ ከሐዘንና ከመዋጮ አንቀጾች ቀጥሎ አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩበት እለምናለሁ፤ እርሱም፣ ማንኛዋም የቅሬያችን ሴት በቤቷ ውስጥ ስትመታ ድምፅዋን የሰማ አባል ሁሉ የመድረስ ግዴታ አለበት፣ ያልደረሰም ቀብር እንደ ቀረ ሰው ይቀጣል የሚል ይሁን። ወረዳዎቹም ይህን ያጸደቀ ቅሬ ሁሉ የሴቶቹን ተጠሪዎች ስም እንዲያስመዘግብ ብታደርጉ፣ የምታቋቁሙት አገልግሎት ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ በየመንደሩ የሚጠብቀው ሰው ይኖረዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሐይቅ ከተማ ነዋሪና የቅሬ አባል